የጣቢታ መርፌ፣ የእናቶቻችን እንዝርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ተይዞ እስከ ጌታችን የልደት ዋዜማ ይዘልቃል። ቀደምት ነቢያት የአምላክን ሰው መሆን ተስፋ እያደረጉ የጾሙትን እያሰብን እንጾመዋለን። ወቅቱ ደግሞ የብርድ ወቅት ነው። በደጋው አገራችን ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብርበት ጊዜ ነው። እኛ ለማኅሌትና ለኪዳን ስንነሣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ካልሲያችንን ደርበን ነው። ደጀ ሰላሙን አልፈን ስንገባ ግን በግራና በቀኝ ካርቶን አንጥፈው የተኙ ወገኖቻችን አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን እናልፋቸዋለን። ገብተንም ስለ ቤተ ልሔም ግርግም እንዘምራለን።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የቱ እንደሆነ ሲነግረን፣ ለተራበ እንጀራን መቁረስንና የተራቆተን ማልበስን ይቆጥርልናል። እንግዲህ የነቢያትን ጾም የምንጾም ሰዎች የነቢያትንም ቃል መስማት ይገባናል።

«ይኼን ዓይነቱማ እኔም አለኝ»

አስቀድሜ የራሴን ጉድ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ደብር በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለነዳያን ልብስ እናሰባስብ ነበር። ሰብሳቢው እኔ ነበርሁ። ከየቤቱ የመጣው ልብስ አንድ ክፍል ሞላ። ስናየው ግን ዚፑ የተበጠሰ ጃኬት፣ አንድ እግሩ የሌለ ጫማ፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ይበዛበታል። እኔም «ከምንም ይሻላል» ብዬ አከፋፈልኩት።

በበሩ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ አረጋዊ ነበሩ። ጃኬቱን ሰጠኋቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩትና በትሕትና መለሱልኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይኼን ዓይነቱማ እኔም አለኝ። ለሌለው ስጡት» አሉኝ።

ምእመናን፣ ከዚያ ቀን በፊት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ሰብኬአለሁም። እንደዚያ ያለ ስብከት ግን አልሰማሁም። እኔ የሰጠኋቸው ልብስ ሳይሆን ከቤታችን መውጣት የነበረበትን ቆሻሻ ነበር። ቃየልም እኮ መሥዋዕት አቅርቧል። የተጠየቀው «ሰጠህ ወይ?» ተብሎ አይደለም። የተጠየቀው እንዴት እንደሰጠ ነው።

ጣቢታ ምን ትታ ሄደች?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ኢዮጴ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለነበረች ጣቢታ ስለምትባል ሴት ተጽፏል። በሌላ ስሟ ዶርቃ ትባላለች። ቅዱስ ሉቃስ ስብከቷን አልጻፈልንም። ሀብታም ነበረች ብሎም አልነገረን። መልካም ሥራ የሞላባት፣ ምጽዋትን የምታደርግ ደቀ መዝሙር እንደነበረች ግን መሰከረላት። ታመመችና ሞተች። ቅዱስ ጴጥሮስ በአቅራቢያው በልዳ ስለነበረ መልእክተኞች ልከው አስጠሩት። ወደ ሰገነቱ ሲወጣ ባልቴቶቹ እያለቀሱ ከበቡት። ምን አሳዩት? ጣቢታ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት።

እስቲ እናስተውል። በሬሳዋ ፊት ሲመሰክሩላት ብዙ ቃል አላስፈለጋቸውም። ምስክሩ በእጃቸው ላይ ነበር። ያን ልብስ ስትሰፋ የእያንዳንዷን ባልቴት ቁመትና ትከሻ አስባለች ማለት ነው። በገበያ የተገዛ ልብስ ገንዘባችንን ይሰጣል። በእጅ የተሠራ ልብስ ግን ዕድሜያችንን ይሰጣል። ሐዋርያው ተንበርክኮ ጸለየ፣ ጣቢታም ተነሣች። ቅዱሳንንና ባልቴቶችን ጠርቶ ሕያው ሆና አስረከባቸው።

መጽሐፈ ምሳሌም በመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ልባም ሴት ሲናገር በቁጥር 19 እጇ አመልማሎና እንዝርት እንደሚይዝ ይነግረናል። ወዲያው በቁጥር 20 ያው እጅ ወደ ድሃ ይዘረጋል። ሁለቱ ቁጥሮች የተከታተሉት በከንቱ አይደለም። የሚፈትለው እጅና የሚመጸውተው እጅ አንድ እጅ ነው።

በዚሁ ጾም ውስጥ ታኅሣሥ 22 ቀን በዓለ ብሥራትን እናከብራለን። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል በመጣ ጊዜ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደነበር አባቶቻችን ያስተምሩናል። በብዙ የብሥራት ሥዕሎች ላይም ፈትል በእጇ ይዛ እናያታለን። ይህን በዓል ያከበረው ቅዱስ ደቅስዮስ ከእመቤታችን ሰማያዊ ልብስ እንደተሰጠው በተአምረ ማርያም ተጽፏል። ስለዚህ እናቶቼ ሆይ፣ እንዝርት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት!

አንድ ጋቢ ስንት እጅ ያልፋል?

ያ አረጋዊ የነገሩኝን በአንድ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ላይ ለተሰበሰቡ እናቶች ነገርኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት እናት «ታዲያ እኛ እጅ የለንም እንዴ? እንፈትላ!» አሉ። ነገሩ በዚያው ተጀመረ።

ልጆቻችን ጋቢ ከሱቅ የሚበቅል ይመስላቸዋልና እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልንገራችሁ። ጥጡ መጀመሪያ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ይባዘትና እንደ ደመና ይሳሳል። ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። አመልማሎው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይወጣዋል። ከዚያ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው ድሩን ይዘረጋል፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምናል። ዛሬ ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ሙቀቱን የሚሰጠው ግን በእጅ የተፈተለው ለስላሳ ማግ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ድርብ ነው። አንዲት እናት ከቤት ሥራዋ ጎን ለጎን ብቻዋን ትፍተል ብትባል ወራት ይፈጅባታል። ሲተባበሩ ግን ይቀላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለም?

እናቶች ከትንሣኤ በኋላ ጀመሩ። በሰንበትና በበዓላት እንዝርት አይነኩም። በሌላው ቀን ግን ቡና ሲፈላ፣ ሐሜት በነበረበት ሰዓት፣ እየፈተሉ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ሸማኔውም ነገሩን ሲሰማ «የእጄን ዋጋ ግማሹን ተዉት፣ እኔም ከበረከቱ ልካፈል» አለ።

ከሁሉ የማልረሳው የአንዲት እማማን ነገር ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ በዳሰሳ ነው የሚፈትሉት። አንድ ቀን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ብዙ ልቃቂት ይዘው መጡና «ይኼን ለመገነዣዬ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ውሰዱት» አሉ። ሁላችንም ደነገጥን። «እማማ፣ ኧረ ይተዉት፣ የራስዎ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «ዲያቆን ልጄ፣ ሬሳ አይበርደውም። በበሩ ያሉት ናቸው የሚበርዳቸው» አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን የሞተን በክብር መገነዝ አትነቅፍም። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ የጌታን ሥጋ በንጹሕ በፍታ ገንዘዋልና። እኚህ እናት ግን ሌላ ምሥጢር ገብቷቸዋል። በመጨረሻው ቀን ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደነገረን የሚጠይቀን ታርዞ ሳለ አልብሰነው እንደሆነ ነው። በምን ተገንዘን እንደተቀበርን አይጠይቀንም። እማማ መገነዣቸውን አስቀድመው ወደ ሰማይ ላኩት።

በኅዳር 7 ጋቢ ደረሰ። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ወደ በሩ ሮጥኩ። ለእነዚያ አረጋዊ ልሰጥ ነው። ቦታቸው ባዶ ነበር። አጠገባቸው የነበሩትን ጠየቅሁ። «ቆይቷል እኮ፣ በክረምቱ ነው ያረፉት» አሉኝ። ጋቢውን ታቅፌ እዚያው ቆምሁ። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሌላ አባት ለበሱት፣ መረቁንም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ባዶ ቦታ በፊቴ አለ። ንስሐ የምገባበት ኃጢአት አለኝ፤ መስጠት ስችል ማዘግየቴ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ እግዚአብሔር የድሃን መጎናጸፊያ በመያዣነት የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ያዘዘው፣ ገላውን የሚሸፍንበት እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። አምላካችን ድሃው ማታ በምን እንደሚተኛ ያስባል። እኛስ? ምጽዋትም ሰዓት አለውና ፀሐይ ሳትገባ እንፍጠን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. መፍተል የሚችል ይፍተል። የማይችል ጥጥ ይግዛ፣ የሸማኔውን ይክፈል። ወጣቶች ደግሞ ከልብስ ሰፊዎች ዘንድ የሚጣለውን ንጹሕ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባችሁ ገጣጥሙት። በሁለት ጨርቅ መካከል የተባዘተ ጥጥ አስገቡና ጥጡ እንዳይሸሽ ወዲያና ወዲህ በመርፌ ውጉት። ለሕፃን ግሩም ብርድ ልብስ ይወጣዋል። «ድሪቶ» ብለን እንሳደብበታለን እንጂ በፍቅር የተደረተ ጨርቅ ያሞቃል።

2ኛ. አሮጌ ልብስ መስጠት ክልክል አይደለም። ግን ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ቀዳዳው ተሰፍቶ ይሁን። መለኪያው ቀላል ነው፤ «ይኼን ለወንድሜ እሰጠዋለሁ ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

3ኛ. ስንሰጥ ስማቸውን እንጠይቅ፣ እንቀመጥ፣ እናውራ። ፎቶ እያነሣን አናሳቅቃቸው። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባልን ሰዎች ነን።

4ኛ. ጋቢ ሰጠሁ ብለን ንስሐን አንተው። ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት እንደ ፈትል ተገምደው ሲሄዱ ነው የማይበጠሱት። ወደ ንስሐ አባታችን እንቅረብ፣ ተዘጋጅተንም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን እንቀበል።

ወገኖቼ፣ የሰማይና የምድር ጌታ በቤተ ልሔም በብርድ ሌሊት ሲወለድ በጨርቅ ተጠቀለለ። ያን ጨርቅ የፈተለችው የሴት እጅ ናት። ፀሐይን ያለበሰ አምላክ የሰው እጅ ያዘጋጀውን ጨርቅ ለበሰ። ዛሬም በደጀ ሰላማችን ተቀምጦ ይጠብቀናል። ሳይመሽ እናልብሰው።

ጾሙን የበረከት ያድርግልን፣ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ነቢያት በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።