የከተማ ማዕርግ ሽልማት ነውን ወይስ ዕዳ?

ሰው በትምህርቱና በሥራው ማዕርግ ሲቀበል ማየት የቆየ ልማድ ነው። በዘመናችን ግን ከተማ ራሷ እንደ ሊቅ ማዕርግ የምትቀበልበት ሥርዐት ቆሟል። ይኸውም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በአውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የመሠረተው የፈጠራ ከተሞች ኅብረት ነው። በዚህ ኅብረት አንዲቱ ከተማ በሥነ ጽሑፍ፥ አንዲቱ በሙዚቃ፥ ሌላዪቱም በእጅ ጥበብ፥ በፊልም ወይም በምግብ ሙያ ትመረጣለች። በ2023 ዓ.ም. 55 ከተሞች በተጨመሩ ጊዜ የአባሎቹ ቍጥር 350 ደርሷል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ማዕርግ ስላለፈው ሥራ የሚከፈል ሽልማት ነውን? ወይስ ከተቀበሉት ቀን ጀምሮ የሚቈጠር ዕዳ ነው?

በሥነ ጽሑፍ መጀመሪያ የተመረጠችው የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ናት፤ ዓመቱም ያው 2004 ነው። ለዚህ ክብር የሚመሰክሩላት ብዙዎች ናቸው። ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ የተባለው ታላቅ የዕውቀት መጽሐፍ ከ1768 እስከ 1771 ዓ.ም. መጀመሪያ የታተመው በርሷ ነው። ዋልተር ስኮትና ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንም የርሷ ተወላጆች ናቸው። የስኮት መታሰቢያ በከተማዪቱ መካከል እንደ ግንብ ቆሟል፤ ዌቨርሊ የሚባለው የባቡር ጣቢያዋም ስሙን ያገኘ ስኮት ከጻፈው ልብ ወለድ ነው። የባቡር ጣቢያውን በመጽሐፍ ስም የሚጠራ ሕዝብ መጽሐፍን አይወድም የሚል ማን ነው?

ነገር ግን በዚያችው ከተማ በ1750 ዓ.ም. ሮበርት ፈርጉሰን የሚባል ባለቅኔ ተወልዶ ነበር። ኑሮው በአንድ የሕግ ጽሕፈት ቤት ወረቀት እየገለበጠ በጥቂት ዋጋ ማደር ነበረ። ብዕሩን ለራሱ ባነሣ ጊዜ ግን የኤድንብራን ጎዳና፥ የገበያዋን ጫጫታና የሕዝቧን ጨዋታ በአገሩ ሰው አነጋገር ይጽፍ ነበር። በኋላ አእምሮው ታወከ፤ እብዶች ወደሚጠበቁበት ቤት ወሰዱት፤ በ1774 ዓ.ም. በ24 ዓመቱ በዚያ ሞተ። በካኖንጌት መቃብር ሲቀበር ስሙን የሚናገር ድንጋይ አልተደረገለትም። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ከሌላ አውራጃ የመጣው የገበሬ ልጅ፥ ባለቅኔው ሮበርት በርንስ፥ በራሱ ወጪ ድንጋይ ለማቆም ፈቃድ ለመነ። ዛሬ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የፈርጉሰን የነሐስ ምስል ይታያል፤ የቆመውም ከተማዪቱ ማዕርጉን በተቀበለችበት በ2004 ዓ.ም. ነው።

ከሞቱ እስከ ምስሉ 230 ዓመት አለፈ። ይህን የምንጽፈው ኤድንብራን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዘግይቶ ማሰብ ጨርሶ ከመርሳት ይሻላልና። ነገር ግን ባለቅኔው ዕራት በፈለገ ጊዜ ያልተሰጠው ነገር በነሐስ ሊከፈለው አይችልም።

አንዳንዶች፥ እንዲህ ከሆነ ማዕርጉ ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ነው ይላሉ። ይህ ፍርድ ግን የቸኰለ ይመስለናል። ማዕርጉ ገንዘብ አያስከትልም፤ ተስፋና ግዴታ ግን ያስከትላል። ከተማዪቱ ልትሠራው ያሰበችውን አስቀድማ ትገልጻለች፤ ከተመረጠችም በኋላ በየአራት ዓመቱ የሠራችውን በጽሑፍ ታቀርባለች። ማዕርግ ሰጥቶ እንደ ገና የሚጠይቅ፥ ሰጥቶ ከሚረሳ ይሻላል። ጭንቀታችን ሌላ ነው፤ በዓሉ፥ አዳራሹና እንግዳው በቀላሉ ይቈጠራሉ፤ ወረቀት እየገለበጠ አእምሮው የሚታወክ አንድ ጐልማሳ ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

በአገራችንም ስፍራ በሙያ መጠራቱ አዲስ አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ዙር አባ ይወጣል፤ ቅኔ የሚፈልግ ዋሸራን፥ ጎንጅን ወይም ዋድላን ይጠይቃል። ለእነዚህ ስፍራዎች ስም የሰጣቸው ጉባኤ የለም፤ ስማቸውን ያቆመው ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ተራራውን በእግሩ የሚወጣው ተማሪ ነው። መምህሩ ሞቶ ወንበሩ ቢታጠፍ ተማሪው ወደ ሌላ ይሄዳልና፥ የስፍራው ስም በሕያው መምህር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሆኖም በዚህ እንዳንመካ የራሴን ልናገር። በየጉባኤው ቅኔ የተማርሁባቸውን መምህር ስም እየጠራሁ፥ በስማቸው ከፍ ካለ ስፍራ ተቀምጫለሁ። ዐይናቸው በደከመ ጊዜ ግን እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው፥ ከለመነው ቍራሽ የሚያካፍላቸው አንድ ትንሽ ተማሪ ነበረ። እኔ የደረስሁት ለተዝካራቸው ነው። በዚያም ቀን ስለ እሳቸው ቅኔ ተቀኘሁ፤ ሰዎችም አደነቁኝ። አድናቆቱን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ፥ ለዚያ ትንሽ ተማሪ የሚገባውን እንደ ወሰድሁ ዐወቅሁ። ከተማስ ብትሆን በባለቅኔዋ ስም ከብራ ባለቅኔዋን ከረሳች፥ ከእኔ በምን ትለያለች?

ስለዚህ መልሳችን፥ ማዕርግ ዕዳ ነው የሚል ነው፤ ባለዕዳዪቱ ከተማ ናት፤ ገንዘቡ የሚገባውም ሐውልት ለቆመለት ሳይሆን ገና በሕይወት ላለው ነው። ማናቸውም ከተማ ይህን ክብር ለመጠየቅ ስትነሣ ጸሐፊዎቿ የሞቱትን ታላላቆች ስም ይደረድራሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው በየሰፈሩ ልካ ትጠይቅ፤ ከሸማኔው፥ ከአዝማሪው፥ ከጸሐፊውና ከቅኔ መምህሩ መካከል ዛሬ ማታ ዕራት የሌለው ማን ነው? የዚያ ሰው ስም በመዝገቡ መጀመሪያ ይጻፍ።