ጁን 30 የተተኮሰ ጥይት

ፍሎሪዳ ውስጥ «10-20-ዕድሜ ልክ» የሚባል የቅጣት ሕግ አለ፤ በ1999 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ እንደሚናገረው ቅጣቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። በጠብ መሀል ሰው ለማስፈራራት የተኮሰ፣ ጥይቱ ማንንም ባይነካም፣ 20 ዓመት ይፈረድበት ነበር። ዳኛው ቢያዝንለትም ከዚያ መውረድ አይችልም።

በ2016 የግዛቱ ምክር ቤት ይሄስ በዛ አለና በመሣሪያ ማስፈራራትን ከዝርዝሩ አወጣው። ለውጡ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ጁን 30 የተኮሰውስ? እሱማ በድሮው ይቀጣል። የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ከ1885 ጀምሮ፣ የወንጀል ሕግ ሲለወጥ ቀድሞ የተፈጸመ ወንጀል ቅጣት እንዳይነካ ይከለክል ነበር። በ2018 መራጩ ሕዝብ ክልከላውን ሰረዘው። መሰረዝ ግን ማዘዝ አይደለም። በዓመቱ ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ፣ በሌላ ሕግ ተለይቶ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ የቅጣት ቅነሳ የሚደርሰው ገና ላልተፈረደበት ብቻ ነው አለ። በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት ጥፋት ካጠፉ ሁለት ሰዎች፣ መዝገቡ የተጓተተለት ይቀለዋል ማለት ነው።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ፕሮግራም ደንበኞችን አለአግባብ እያስከፈለ መሆኑ ሲደረስበት፣ ስሌቱን ማስተካከል የሥራው ግማሽ ነው። ወዲያው «እስካሁን የተቆረጠባቸውስ?» የሚል ይነሳል። «እነሱ የከፈሉት በድሮው ቨርዥን ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ይሳቅበታል።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ግን ቀላል አይደለም። ፍርድ የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት ይላሉ፤ ሕግ በተለወጠ ቁጥር የተበዳዩ ቁስል ሊቀሰቀስ አይገባም። እውነት ነው፣ የተተኮሰበት ሰው ጥይቱ ቢስተውም እንቅልፉን አጥቷል። ይሄ ግን መዝገቡን በቀላሉ ላለመክፈት ምክንያት ይሆናል እንጂ፣ ሰውዬው 20 ዓመት የሚገባው ለምን እንደሆነ አያስረዳም። «ሕጉን እያወቀ ነው ያጠፋው» የሚሉም አሉ። ለጥፋቱማ ይቀጣ፤ ነፃ ይውጣ ያለ የለም። የምንከራከረው ምክር ቤቱ ራሱ በዛ ስላለው ትርፍ ዓመት ነው።

የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22፣ ከድርጊቱ በኋላ የወጣ ሕግ ለተከሳሹ ወይም ለተቀጣው ሰው ጠቃሚ ከሆነ ተፈጻሚ ይሆናል ይላል። አፈጻጸሙ ሌላ ወሬ ነው፤ ቢያንስ ግን «የተቀጣው» እዚያ ውስጥ አልተረሳም።

በ2015 ገብቶ 20 ዓመት የተፈረደበት የፍሎሪዳ እስረኛ የሚወጣው በ2035 ነው። እስከዚያ ለግዛቱ ገዢ የምሕረት ማመልከቻ መጻፍ ይችላል።