የራሔል ጓዝና የዮሴፍ ዐጽም

ኑሮውን በባሕር ማዶ የመሠረተ ሰው፣ የእንግድነቱ ዘመን አልፎ በዚያው እንደሚጸና ከተረዳ በኋላ፣ በአገሩ የቀረውን ቤት ሊዘጋ፣ ንብረቱን ሊያካፍልና ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ወደ ተወለደበት ምድር የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል። ይህ መመለስ ከሌሎቹ መመለሶች የተለየ ነው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የመጣ ዘመድ ከቤተ ሰቡ ጋር ደስ ብሎት ሰንብቶ ይሄዳል፤ ለቀብር የመጣውም ዕንባውን አፍስሶ፣ አርባውን አውጥቶ ይሄዳል፤ ሁለቱም ሲሄዱ ቤቱ እንደ ነበረ ይቆያቸዋል። ለመጠቅለል የመጣው ግን የሚመለስበትን ቤት በገዛ እጁ ሊበትን የመጣ ስለ ሆነ፣ በሩን ከፍቶ በገባበት ሰዓት ዕቃ ከማሰናዳቱ ሥራ ጋር አንድ የኅሊና ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ከዚህ ሁሉ የእኔ የሆነው የትኛው ነው፣ ይዤውስ እሄድ ዘንድ በምን ሥልጣን ይገባኛል የሚለው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍት ከአገር ስለ መውጣት በብዙ ቦታ ይናገራሉ፤ ከወጡ በኋላ ስለ መመለስ ሲናገሩ ግን ቃላቸው ይጠብቃል። ጌታችን ስለ መጨረሻው ቀን ሲያስተምር፣ በሰገነት ላይ ያለ ሰው በቤቱ ያለውን ዕቃ ሊወስድ እንዳይወርድ አዝዞ ወዲያው የሎጥን ሚስት ነገር ያነሣል፤ ቤተ ሰቡን ተሰናብቶ ሊከተለው የፈለገውንም ሰው፣ ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላው በሚመለከት ገበሬ መስሎ ይገሥጸዋል። በዚህ ብቻ ብንቆም ኖሮ ቤቱን ሊዘጋ የተመለሰ ሁሉ በደለኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ ኤልሳዕ በዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ የኤልያስ መጐናጸፊያ ባረፈበት ጊዜ፣ አባቱንና እናቱን ስሞ ይመጣ ዘንድ ለመነ፤ ነቢዩም አልከለከለውም። ሁለቱን የሚያስታርቅልን፣ ኤልሳዕ ተመልሶ የሠራውን ሥራ ማስተዋል ይመስለኛል። ወጣቱ ገበሬ ከአባቱ ቤት አንዳች ነገር ይዞ እንደ ወጣ አልተጻፈም፤ የሚያርስባቸውን በሬዎች ዐረደ፣ በዕቃቸውም ዕንጨት ሥጋቸውን ቀቅሎ ለሕዝቡ አበላና ተነሥቶ ኤልያስን ተከተለ። በሰገነቱ ላይ ላለው ሰው የተከለከለው ለመውሰድ መውረድ ነው፤ ለኤልሳዕ የተፈቀደለት ደግሞ ለመስጠት መመለስ ነው።

ይህን በሐሳብ መለየት ቀላል ነው፤ ቁም ሣጥን ከፍቶ መለየት ግን ከባድ ነው። የወላጆቼን ቤት ልዘጋ ወደ አዲስ አበባ በተመለስሁ ጊዜ በመጀመሪያ የገጠመኝ የሚዛን ነገር ነበር። ወደ ሰሜን አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ በተለምዶ የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በትዳር ሲኖሩ ያጠራቀሙት ጥሪት በ46 ኪሎ ሲሰፈር፣ ሚዛኑ ራሱ መምህር ይሆናል። ከዚህም ላይ በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶውና ድርቆሹ የየራሳቸውን ስፍራ ይጠይቃሉ፤ እነዚህንም ማንም አይናቃቸው፣ በዐቢይ ጾም ከአገሩ ርቆ ለሚጾም ሰው የእናት አገር ሽሮ ከጸሎቱ ብዙ የራቀ አይደለምና። የእናቴ ባለ ጥለት ቀሚሶች፣ ለክት ብቻ የሚወጣው የአባቴ ካፖርት፣ ጋቢዎቹ፣ ሞሰቡ፣ ረከቦቱ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በክር ታስረው የቆዩት የግብር ደረሰኞችና የዕድር ደብተሮች፣ ከሁሉም በላይ እነማን እንደሆኑ ሊነግረኝ የሚችል ሰው በሕይወት ያልቀረላቸው ፎቶግራፎች፣ እያንዳንዳቸው ፍርድ ይጠብቁ ነበር።

ፍርዱም የተሰጠው በጎረቤት ፊት ነው። ጋቢው ለዘበኛው፣ ምጣዱና ድስቶቹ ከወንድሞቿ ጋር አዲስ ቤት ለያዘችው ልጅ፣ አልጋው በቅርቡ ለተጋባው የእኅቴ ልጅ ሄደ። ሰው ሲሞት ከአርባው በኋላ ልብሱ ለነዳያንና ለቅርብ ሰው እንደሚከፋፈል፣ ጠቅልሎ የሚሄድም ሰው ንብረት እንዲሁ ይከፋፈላል፤ ልዩነቱ ባለ ንብረቱ ቆሞ ማየቱ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ በሕይወት ሳሉ የሚፈጽሙት ኑዛዜ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም። በገዳማችን ሥርዓት መነኩሴ በሚመነኩስበት ጊዜ ለሙታን የሚጸለየው ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ለዓለም ሞቷልና። ይሁን እንጂ ስደተኛው በዚህ ተመሳሳይነት ራሱን እንዳያከብር መጠንቀቅ አለበት። መናኙ ዓለምን ትቶ ወደ አምላኩ ይሄዳል፤ እኛ አንዱን ዓለም ትተን ወደ ሌላው ዓለም፣ ያውም ብዙ ጊዜ ወደሚመቸው፣ እንሄዳለን። ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 14 ቀን የምታስበው ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ ከሠርጉ ቤት ወጥቶ ከመነነ በኋላ ወደ አባቱ ደጅ ተመልሷል፤ ነገር ግን ማንነቱን ሰውሮ እንደ ለማኝ ከደጁ ወደቀ እንጂ ልጅ ነኝ ብሎ ከቤቱ ሀብት ድርሻውን አልጠየቀም። በዚህ ሚዛን የሚመዘን መንገደኛ ከእኛ መካከል ጥቂት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የራሔልን ታሪክ ደጋግሜ ያሰብሁት በዚያው ጓዝ መካከል ተቀምጬ ሳለሁ ነበር። ያዕቆብ ሃያ ዓመት ካገለገለበት ከላባ ቤት በስውር ሲወጣ፣ አባቷ በጎቹን ሊሸልት ሄዶ ነበርና ራሔል የአባቷን የቤት ጣዖታት ሰረቀች፤ ላባም ሰባት ቀን ተከታትሎ በገለዓድ ተራራ በደረሰባቸው ጊዜ፣ በግመሉ ኮርቻ ሸሽጋ በላዩ ተቀመጠች፣ ስለ ሴቶች ልማድም አመካኝታ ሳትነሣ ቀረች። ከተርጓሚዎች አንዳንዶቹ አባቷን ከጣዖት ልታርቀው ብላ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እነዚያ ምስሎች የርስት ማስረጃ ነበሩ ይላሉ። እኔ ከሁለቱም የሚቀርበኝ ሌላ ምክንያት አለ፤ የአባቷን ቤት ስትለቅ የአባቷ ቤት ጥበቃ እንዳይለያት ፈልጋ ይመስለኛል። መሄዱን ትሻለች፣ መለየቱን ግን አትሻም። የዛሬ ስደተኛም ከእናቱ ቤት ጀበና ሲያነሣ ይህ ፍላጎት በልቡ አለ፤ ጀበናው ጣዖት አይደለም፣ ነገር ግን መለየትን የሚከለክልልን መስሎን ስንታመንበት የጣዖትን ሥራ ይሠራል።

በዚሁ መጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ጓዝ አለ። ዮሴፍ በ110 ዓመቱ በምድረ ግብፅ ሲሞት፣ እግዚአብሔር በሚጐበኛቸው ጊዜ ዐጽሙን ይዘው እንዲወጡ የእስራኤልን ልጆች አማላቸው። ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ፣ በዚያች በምትታወቅ ሌሊት፣ ሕዝቡ ያልቦካውን ሊጥ በትከሻው ተሸክሞ፣ ከግብፃውያን የተቀበለውን ብርና ወርቅ ይዞ ሲወጣ፣ ሙሴ የዮሴፍን ዐጽም ወሰደ። አርባ ዓመት በምድረ በዳ ያ ዐጽም አብሯቸው ተጓዘ፤ የተሸከሙትም ሰዎች ዮሴፍን በዓይናቸው ያላዩ ነበሩ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን የአባቶችን ፍልሰተ ዐጽም በታላቅ ክብር የምታከብረው፣ ለምሳሌ ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን፣ የዚህ ዓይነቱ ሸክም ከሸክሞች ሁሉ የተለየ መሆኑን ስለምታውቅ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሁለቱ ጓዞች መድረሻ ነው። ያዕቆብ ወደ ቤቴል ሊወጣ ሲል በቤተ ሰቡ እጅ የነበሩትን ባዕዳን አማልክት ሰብስቦ በሴኬም አጠገብ ከነበረው ዛፍ በታች ቀበራቸው፤ የራሔልም ጣዖታት ከእነዚያው ጋር እንደ ነበሩ መገመት ይቻላል። የዮሴፍም ዐጽም በመጽሐፈ ኢያሱ መጨረሻ እንደምናነበው የተቀበረው በሴኬም፣ ያዕቆብ ከኤሞር ልጆች በገዛው እርሻ ነው። አንዱ ሸክም እንዲረሳ፣ ሌላው እንዲታወስ፣ በአንድ ምድር ገቡ። ልዩነታቸውም ከቁሱ አልመጣም፤ ራሔል የወሰደችው ማንም ያላዘዛትን ነው፣ ስለዚህም መሸሸግ ነበረባት፤ ሙሴ የወሰደው ግን የሌላ ሰው አደራ ስለ ነበር በሕዝብ ፊት ተሸከመው። እኔም ከዚህ በኋላ በአንድ ዕቃ በተቸገርሁ ቁጥር፣ ይህን እንድወስድ ያዘዘኝ ማን ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየስ ልወስደው እችላለሁን ብዬ እጠይቅ ጀመር።

በዚህ መንገድ ከመረመርኋቸው ሁሉ ያስጨነቀኝ የአያቴ የብራና ዳዊት ነበር። ማኅደሩ ከአንገት ማንገቻው ጋር እስከ ዛሬ ደኅና ነው፤ አባቴ ዘወትር ጧት ይደግምበት ነበር። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከአገር ማውጣት ያለ ፈቃድ እንዳይቻል አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል፤ ይህም ሕግ ከከንቱ የመነጨ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የዘረፈውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ጽፈው ክብረ ነገሥቱን ቢያስመልሱም፣ አብዛኛው መጽሐፍ ዛሬም በለንደን ነው። ያን በደል የምናወግዝ ሰዎች፣ የአንድ ቤት ዳዊት በአንድ ሻንጣ ሲወጣ ጉዳዩ ትንሽ ነው ማለት አንችልም። አያቴ መጽሐፉን ያስጻፈው ሊደገምበት ነው፤ ልጆቼ ግዕዙን አያነቡትም፤ በውጭ አገር ቢሄድ በመስታወት ውስጥ የሚታይ ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አስረከብሁት፤ አሁን የሚደግምበት አንድ ወጣት ዲያቆን አለ። እጄ ሲለቀው ልቤ አላዘነም ብል ሐሰት ነው።

በሚዛን የማይወጣውን ሥራ ብዙዎች ይዘነጉታል። የአባቴን ያልተከፈለ ብድር መጠየቅና መክፈል፣ ከተቀያየሙት ዘመድ ዘንድ ሄዶ መታረቅ፣ የጽዋውን ማኅበር ለተተኪ ማስረከብ፣ በንስሐ አባት ፊት መፈታት፣ እነዚህ ናቸው መመለሱን መመለስ የሚያደርጉት፤ በስልክና በገንዘብ መላኪያ የሚፈጸሙ አይደሉምና። ስሜ ከዕድሩ መዝገብ በወጣ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ሞት ቢደርስብን ለማን እንነግራለን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ አሁንም የለኝም።

ይህ ጥያቄ ስለ ራሴ ሞት አሳሰበኝ። በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ሬሳቸው ወደ አገር ቤት ተወስዶ እንዲቀበር ይናዘዛሉ፤ የስደቱ ዕድርም ለዚሁ ያዋጣል፤ ይህን ልማድ የሚነቅፍ ቃል ከእኔ አይወጣም። ነገር ግን በኦሪት ሁለት ዓይነት ኑዛዜ አለ። ያዕቆብ ሲሞት ልጆቹ የልቅሶው ወራት እንዳለፈ በሠረገላና በፈረሰኞች አጅበው ወደ ከነዓን ወሰዱት። ዮሴፍ ግን ያን የሚያህል ሥልጣን ሳለው ለራሱ እንዲህ ያለ ጉዞ አልጠየቀም፤ የእርሱ መመለስ ከወገኖቹ መመለስ እንዳይቀድም ፈለገና ዐጽሙ በስደት ምድር በሣጥን ቆየ። እኔም የቤቱን ቁልፍ ካስረከብሁ በኋላ፣ በስደት አገር የተወለዱትን ልጆቼን በመሐላ ላስራቸው አልፈለግሁም፤ በሚኖሩበት ምድር እንዲቀብሩኝ፣ እነርሱ ወይም ልጆቻቸው አንድ ቀን ጠቅልለው ወደ አገር የሚመለሱ እንደሆነ ግን ያን ጊዜ እኔንም ከጓዛቸው ጋር እንዲያነሡኝ ነግሬአቸዋለሁ።