ዕለቱና ደጋሹ

የአንድ ሕዝብ ታላቅ ዕለት የሕዝቡ ነው። ዕለቱን እንዲያከብር የሚቋቋመው ኮሚሽን ግን የመንግሥት ሥራ ነው፤ በደብዳቤ ይመሠረታል፣ በጀት ይመደብለታል፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይሾምለታል፣ ሥራው ሲያበቃ ይበተናል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ዘወትር እንደ አንድ ስለሚታዩ፣ ኮሚሽኑን የጠየቀ ዕለቱን እንደናቀ፣ መዋጮውን ያዘገየ አገሩን እንደካደ ይቆጠራል። ከዚህ መደባለቅ የሚነሣው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ነው። አንድ ሰፈር የብሔራዊ በዓል አክባሪ ኮሚሽንን ሊደግፍ የሚገባው መቼ ነው?

ጥያቄውን ከስብሰባ አዳራሽ አውጥቶ ወደ መንደር መውሰድ ይጠቅማል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ ለዚህ የተመቸ ስፍራ ነው። ቀድሞ የእርሻ መሬት የነበረው ይህ የከተማ ዳርቻ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲሞላ፣ ብዙውን ነዋሪ በአንድ ደረጃ ላይ ያገናኘው ዝምድና ወይም የቆየ ጉርብትና ሳይሆን የቤት ዕጣ ነው። የማይተዋወቁት ሰዎች ግን እንደማይተዋወቁ አልቀሩም። ዕድር አቋቋሙ፤ ለጥበቃና ለጽዳት አዋጡ፤ የጋራ መገልገያ በሆነው ኮሙናል ቤት ሠርግ ደገሱ፣ ለቀስተኛ አስተናገዱ፣ ለበዓል ቅርጫ ተካፈሉ። እንግዲህ የዚህ መንደር ሰው ማዋጣትን ከማንም መማር አያሻውም።

በአንዱ ሕንፃ ለብሔራዊ በዓል ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ደረሰኝ ይዞ በር ቢያንኳኳ የሚሆነውን መገመት ይቻላል። በጡረታ አበል የምትተዳደር አንዲት እናት በሯን ትከፍታለች። ጎረቤቷ ከፍሏል፤ ስሙም በዝርዝሩ ላይ ይታያል። እርሷም ለወሩ ዘይት ያስቀመጠችውን አውጥታ ትሰጣለች። ሰብሳቢው አመስግኖ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል፤ በሪፖርቱም ላይ «ሕብረተሰቡ በነቂስ ደግፏል» ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ሴትዮዋ የከፈለችው ለዕለቱ ነው ወይስ ለጎረቤት ዓይን? ይሉኝታ ያወጣው ገንዘብ ከፈቃድ ከወጣው ገንዘብ ጋር በአንድ ካዝና ይገባል፤ በሥነ ምግባር ሚዛን ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

እዚህ ላይ ድሃ አገር ድግስ አያምርበትም የሚሉ አይታጡም። ይህ አባባል ለድሃው ያዘነ ቢመስልም ድሃውን አያውቀውም። ዓመቱን በሽሮ የከረመ ቤተሰብ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ቅርጫ የሚገባው ችጋሩን ረስቶ ሳይሆን ከችጋሩ በላይ መሆኑን ለራሱ ለማስረዳት ነው። የታሪክ ምስክርም አለ። በ1948 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት ተከፈተ። ዘውዱ ወደቀ፤ መድረኩ ግን ቀረ፤ ስንት ተዋናይና ስንት ጸሐፌ ተውኔት አፈራ። ለ2000 ዓ.ም. አቀባበል የተሠራው ሚሌኒየም አዳራሽም በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ 19 ሕሙማን መታከሚያ ሆኗል። እንግዲያውስ በዓል ማክበር በራሱ ብክነት አይደለም።

ነገር ግን የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ አለ። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ የልደት በዓል ተከበረ። ብዙም ሳይቆይ ወሎ በረሃብ ረገፈ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የረሃቡ ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያ ቅንብር ከማንኛውም የክስ ወረቀት የከበደ ፍርድ ነበር፤ በአንድ ወገን ጠግቦ የሚያከብር፣ በሌላ ወገን ተርቦ የሚሞት ሕዝብ።

ደርግ ግን በሌላው ላይ ያነሣውን ሚዛን በራሱ ላይ አላነሣውም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ እንደሚሻ ለለጋሾች አስታወቀ። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ትሸለም ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. ሲገባ ኢሠፓ ተመሠረተ፣ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ፣ የውጭ እንግዶች በተገኙበት ሰልፉ ጎረፈ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ዓለም የኮረምን ሙታን በቢቢሲ ተመለከተ። አሥር ዓመት የሞላው ፍርድ ወደ ፈራጁ ተመለሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በረሃብ ዘመን መደገስ ነውር ነው ከማለት ያልፋል። በዚያ መስከረም ሰልፉን የሞላው የቀበሌ ነዋሪ መቅረት እንደሚያስጠይቀው ያውቅ ነበር። ስለዚህ የአደባባዩ ሙላት ለመሪዎቹ አንዳች ነገር አልነገራቸውም። ያመነውም ያዘነውም እኩል ተሰልፏልና ደስታውን ከፍርሃቱ የሚለይበት ዘዴ አልነበረም። እምቢ ማለት የማይችል ሰፈር ማስጠንቀቅም አይችልም። ድጋፍ ትርጉም የሚኖረው መንፈግ ሲቻል ብቻ ነው፤ ይህ ለሰጪው ነፃነት ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ዓይን ነው።

የሌላ አገር ልምድም ይህንኑ ያሳያል። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የነፃነቷን 200ኛ ዓመት ለማክበር ከ10 ዓመት አስቀድማ ኮሚሽን አቋቁማ ነበር። ኮሚሽኑ ለፖለቲካ ወገንተኝነትና ለንግድ አጎንብሷል ተብሎ ብርቱ ነቀፌታ ስለደረሰበት፣ በ1973 መጨረሻ በወጣ ሕግ በሌላ መሥሪያ ቤት ተተካ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ከተሞችና መንደሮች ራሳቸው ያቀዱትን ሥራ ወደ መደገፍ አዘነበለ። የጠየቀው ሕዝብ ዕለቱን አላጠፋውም፤ አከባበሩን አቃናው እንጂ።

ታዲያ የጀሞ ነዋሪ ኮሚሽኑን በምን ይመዝነው? ሚዛኑን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በዕድሩ መዝገብ ውስጥ ያገኘዋል። ዕድር ምን ያህል እንደገባና ምን ያህል እንደወጣ በአባላቱ ፊት ያነባል። ለምን እንደሚያዋጡ አባላቱ አስቀድመው ያውቃሉ። የተቸገረውን ቤት አይቶ እንዳላየ አያልፍም። ኮሚሽኑም እነዚህን ሦስቱን ከመለሰ ሊደገፍ ይገባዋል። ሒሳቡን ለሰጪው ያሳይ፤ ከበዓሉ በኋላ ለሰፈሩ የሚቀረውን ይንገር፤ ለመክፈል አቅም ወይም ፈቃድ የሌለው ሰው ስሙ ሳይነሣ በሰላም እንዲቀር ይፍቀድ። ለ2000 ዓ.ም. በየሰው ሁለት ዛፍ እንዲተከል ጥሪ ተደርጎ ነበር፤ እንዲህ ባለው ዘመቻ የሚጠየቀው የተተከለው ብቻ ሳይሆን የጸደቀው ስንት እንደሆነ ጭምር ነው።

ይህ ሸክም በኮሚሽኑ ላይ ብቻ አይወድቅም። ተማሪን ለሰልፍ የሚያሰልፍ መምህር የዕለቱን ታሪክ ከነጉድለቱ የማስተማር ግዴታ አለበት። ግጥም የታዘዘ ባለቅኔ ለዕለቱ መግጠምና ለደጋሹ መግጠም ልዩ ልዩ መሆናቸውን ካልለየ፣ ብዕሩ ከደረሰኙ ጋር በር የሚያንኳኳ ሁለተኛ ሰብሳቢ ይሆናል። ካድሬውም ዝርዝሩን ሲሞላ፣ ባዶ የቀረው መስመር የጠላት ስም ሳይሆን ሊሰማ የሚገባው ቃል መሆኑን ቢረዳ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው ራሱ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ በመዋጮ ስብሰባ ላይ ሁሉ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ያዡ ወዶ ሲይዘው ነው። በግድ ያስጨበጡት ሎሚ አንድም ቢሆን ሸክም ነው። በጀሞ ኮሙናል ቤት የበዓል ዋዜማ ቅርጫው ሲከፋፈል፣ መደቡ በሁሉም ዓይን ፊት ይደረደራል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ያልገባውን ሰው ማንም አይወቅሰውም። በሬው የማን እንደሆነ፣ ቢላዋውን ማን እንደያዘ ሁሉም ያውቃል። አገርም ታላቅ ዕለቷን እንዲህ ብታከብር፣ ያቺ እናት በሯን የምትከፍተው ሳትሳቀቅ ነው።