ሁለቱ ገበታዎች

ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ብዙ አሜሪካውያን ወላጆች የትምህርት ዘመኑን የመጀመሪያ ቀን ከሌሎቹ ቀናት ለይቶ መቀበልን ልማድ አድርገውታል። ልጁ የሚወደው ቁርስ ይሠራለታል፤ ስንተኛ ክፍል እንደገባ የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ በር ላይ ፎቶ ይነሣል፤ አዲስ ደብተርና እርሳስ ይሰጠዋል፤ በሃይማኖተኛ ቤት ደግሞ ወላጆቹ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል። የቤት ትምህርት በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 ስለሆነ ልማዱ ዕድሜው አጭር ነው። ከበስተጀርባው ያለው ጥያቄ ግን ጥንታዊ ነው። ልጁ ባደረበት ቤት፣ ባሳደገችው እናት ፊት፣ ትናንት ምሳ በበላበት ጠረጴዛ ላይ የሚጀመር ቀን ከትናንቱ በምን ይለያል? ሰው አንድን ቀን ማክበር የሚችለው በራሱ ፈቃድ ነው ወይስ ክብሩ አስቀድሞ በቀኑ ውስጥ መኖር አለበት?

ቀን ሁሉ እኩል ነው የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 ላይ ነገሩን ለየሰው ኅሊና ትቶታል። በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የተነሡት ኩዌከሮች ከዚህ አልፈው በዓላትን አያከብሩም ነበር፤ ቀናትንና ወራትንም በስማቸው ሳይሆን በቁጥር ይጠሩ ነበር። ከቤት ትምህርት አራማጆችም መካከል እ.ኤ.አ. በ1977 ለወላጆች መጽሔት ማሳተም የጀመረው ጆን ሆልት ትምህርት ከኑሮ የሚነጠል ነገር እንዳልሆነ አጥብቆ ይከራከር ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ከሄድን ልጅ አፉን የፈታበት የመጀመሪያ ቀን የለም፤ ታዲያ ለንባብ ለምን ይኖረዋል? መከራከሪያው ጠንካራ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። አፉን የሚፈታ ሕፃን እየተማረ መሆኑን አያውቅም፤ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ግን እንዲያውቀው ያስፈልጋል፤ ዐውቆና ፈቅዶ ካልገባበት ብዙ አይዘልቅምና። ፈቃድ ደግሞ የሚገለጥበት ቀን ይሻል።

ሌላው ወገን የሚነሣው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው። የአይሁዱ ሊቅ አብርሃም ኢያሱ ሄሸል ስለ ሰንበት በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1951 በታተመው መጽሐፉ፣ በፍጥረት ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የተቀደሰው ቦታ ወይም ዕቃ ሳይሆን ቀን መሆኑን አስተውሏል። በዚያ ቀን ላይ ፀሐይ አልተጨመረችም፤ የሆነው መለየት ነው። በአማርኛም መምህራን ቅዱስ የሚለውን ቃል ሲፈቱት ልዩ፣ የተለየ ይሉታል። መለየት ምንም መጨመርን ስለማይጠይቅ ወላጅም ቀንን ሊለይ ይችላል፤ ሲለየው ግን ለምን ዓላማ እንደለየው ማወቅ ይጠበቅበታል።

ፈላስፋዋ ሐና አረንት በትምህርት ላይ ስለተጋረጠው ቀውስ ስትጽፍ ትምህርት ቤትን በቤትና በዓለም መካከል የቆመ ተቋም አድርጋ ታየዋለች። ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚያ በኩል ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት ደወልም፣ በርም፣ ደንብ ልብስም ስላለው መሻገሩ ራሱ ይታያል። በቤት የሚማር ልጅ ግን የሚረግጠው ደፍ የለውም። የመጀመሪያው ቀን ልዩ መሆን የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ያ ቀን የበሩን ቦታ ይይዛል።

ደፉ እንዴት እንደሚሠራ በመካከለኛው ዘመን በጀርመንና በሰሜን ፈረንሳይ የነበሩ አይሁዶች ካቆዩት ሥርዓት በላይ የሚያሳይ አይገኝም። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቮርምስ ከተማ የኖረው መምህር ኤልዓዛር ጽፎታል። ሕግ በሲና በተሰጠበት በሻቩዖት በዓል ልጁ በልብስ ተሸፋፍኖ ወደ መምህሩ ይወሰዳል። መምህሩ ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ ያቀርባል፤ አንዱን ፊደል ይጠራል፣ ልጁም ተከትሎ ይጠራል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጥቂት ማር ይደረግና ልጁ ከፊደሎቹ ላይ በምላሱ ይልሰዋል። ጥቅስ የተጻፈበት የማር ኅብስትና የተቀቀለ እንቁላልም ይበላል። መነሻው ነቢዩ ሕዝቅኤል ጥቅልሉን በበላ ጊዜ በአፉ እንደ ማር መጣፈጡ ነው። እዚህ ላይ ማሩ የት እንደተቀባ ልብ ይሏል። ልጁ ጣፋጩን ያገኘው ከፊደሉ ላይ እንጂ ከትምህርቱ በኋላ በሽልማት መልክ አይደለም።

በጀርመን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በጣፋጭ የተሞላ ትልቅ የወረቀት ቀንድ ይሰጠዋል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ከረሜላው ግን ከቤት የመለየትን ፍርሃት ያባብላል እንጂ ከመጽሐፉ ጋር አይገናኝም። በቤት ለሚማር ልጅ ይህ መባበል አያስፈልገውም፤ የሚለየው ቤት የለምና።

የኢትዮጵያ የቄስ ትምህርት ሌላ መንገድ ይዟል። ልጁ የኔታ ዘንድ የሚገባው ያለ ብዙ ድምቀት ነው። ስንጥር ይዞ የፊደል ገበታውን እየጠቆመ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ ይላል፤ ድግሱ የሚደገሰው ዳዊት የደገመ ዕለት ነው። ያን ቀን ወላጅ ጎረቤቱን ይጠራል፣ መምህሩንም ያከብራል። ይህ ሥርዓት ምን እንደሚያስከብር ግልጽ ነው፤ ልጁ ደክሞ ፍሬ አፍርቷል። ታዲያ ምንም ያልሠራ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምን ይከበርለታል? መልሱ ያለው በሰሌዳው ማር ላይ ነው። በመጨረሻው ቀን የሚከበረው የልጁ ድካም ሲሆን በመጀመሪያው ቀን የሚከበረው ልጁ በአደራ የሚቀበለው ዕውቀት ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንድ ቤት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

አማርኛ የምግቡንም የፊደሉንም ሰሌዳ ገበታ ብሎ መጥራቱ በቤት ትምህርት ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ጠረጴዛው አንድ ነው። በዚያ ጠዋት የቁርሱ ሳሕን ተነሥቶ፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ መጽሐፉ ብቻውን ሲቀመጥና የመጀመሪያውን ገጽ ወላጅና ልጅ አብረው ሲያነቡት ቀኑ ተለይቷል። ፎቶው ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ አያመጣም። ቁርሱና ስጦታው እስከ ቀትር ዘልቀው መጽሐፉ ሳይከፈት የሚውልበት ቀን ግን የተከበረው የሌላ ነገር በዓል ሆኖ ነው፤ በማግሥቱም ልጁ መጽሐፉን የደስታው ማብቂያ አድርጎ ያገኘዋል።

በአሜሪካ የሚኖሩና በቤት የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቀኑን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅባቸውም። ብዙው የአሜሪካ ትምህርት ዘመን የሚጀምረው በነሐሴ መጀመሪያና በጳጉሜን መካከል ነው፤ እንቁጣጣሽም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይከተላል። ቤቱ ውስጥ ቄጤማ በተጎዘጎዘበትና ልጆች አዲስ ልብስ በለበሱበት በመስከረም 1 ቀን ማለዳ መጽሐፍ ቢከፈት፣ ዘመኑም ትምህርቱም በአንድ ደፍ ይገባሉ።