የተሰጠ ርዕስ

እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አብረን የምንሰፋ ሴቶች በየተራ ርዕስ እንሰጣጣለን። ባለተራዋ አንድ ቃል ትናገራለች፤ ሁላችንም በዚያ ቃል ላይ፣ መጠኑ እኩል የሆነ ኩዊልት ሰፍተን እንመጣለን። ኩዊልት ከላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ሥዕል፣ ከመሃል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ገበር ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ በክር የሚያያዙበት ሥራ ነው። አልጋ ላይ የሚነጠፍ አለ፤ የእኛ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሥራዬን ባየ ቁጥር «እትዬ፣ ርዕሱን ሌላ ሰው ከሰጠሽ ምኑ ያንቺ ሆነ?» ይለኛል። ጥያቄው ከስፌት ያልፋል። ወላጃችንን፣ አገራችንን፣ ዘመናችንን የመረጥን የለንም። ታዲያ ሁሉ ተሰጥቶት የተፈጠረ ሰው በምኑ ነጻ ነው?

ወደ መልሱ ያቀረበኝ ኦሪት ዘፀአት ነው። እግዚአብሔር ለሙሴ የማደሪያውን ድንኳን አሠራር ሲነግረው በልክ ነው። መጋረጃው 10፣ ርዝመቱ 28 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ፤ አምስት አምስቱ እርስ በርስ ይጋጠም፤ ቀለሙም፣ የቀለበቱም ቁጥር ተነግሯል። ምሳሌው ደግሞ በተራራው ላይ ታይቷል። ይህ ሁሉ ከተለካ በኋላ ሠሪውን ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የጥበብና የማስተዋል መንፈስ ይሞላዋል። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በልኩ ለመቁረጥ ብቻ ቢሆን መለኪያና መቀስ ይበቃ ነበር፤ መንፈስ ለምን አስፈለገ? እኔ እንደማምነው ልክ የማይደርስበት ነገር ስላለ ነው። በመጋረጃው ላይ ኪሩቤል ይሠሩ ተብሏል፤ ስንት እንደሚሆኑ፣ ፊታቸው ወዴት እንደሚዞር ግን እዚያ አልተጻፈም። ያ ለሠሪው የተተወ ነው።

የቅኔ ቤትም ይህን ያውቃል። ርዕሱን የዕለቱ በዓል ይሰጣል፤ ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት ነው፣ አይጨመርም አይቀነስም። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ግን ነውር ነው።

አንድ ጊዜ የደረሰን ቃል «በር» ነበር። አንዷ የሆስፒታል በር ሰፋች፤ ሌላዋ ቁልፍ ብቻ። እኔ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የወለቁ ጫማዎችን ሰፋሁ። የአዛውንቱ ጫማ ከቡናማ ከፋይ ነው፤ የልጅ ሸራ ጫማ ከሰማያዊ ካኪ። የደጃፉን ድንጋይ ጠርዝ ያደረግሁት ካረጀ የእናቴ ነጠላ በወጣ ጥለት ነው። ጥለቱ መተርተር ጀምሮ ነበር። በመኪና ዘምዝሜ ቀጥ ላደርገው እችል ነበር፤ ግን ስንት ሰው የረገጠው ደጃፍ ጠርዙ ቀጥ አይልምና የተንጠለጠለውን ክር እንዳለ ትቼ በጥቃቅን የእጅ ስፌት ያዝኩት። ቃሉን ራሴ ብመርጥ ኖሮ «ስለ እናቴ ልስፋ» ብዬ ፊቷን ለማምጣት እታገል ነበር። «በር» ስባል ግን ሳልጠራት ከነነጠላዋ መጣች።

ወንድሜ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ። የተሰጠ ሁሉ ስጦታ አይደለም። ኩዊልት ሰፊዋ ሃሪየት ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች፤ በዚያ ዘመን ለጌቶቻቸው ይሰፉ የነበሩ ባሪያ ሴቶች የሚደርሳቸው ትእዛዝ ነበር። ትእዛዝ የሚፈልገው ልብሱን ብቻ ነው፤ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ግዱ አይደለም። ፓወርስ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1885 እና 1886 ገደማ፣ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም የሚገኘውን የመጽሐፍ ቅዱስ ኩዊልት ሰፋች፦ አዳምና ሔዋን፣ ቃየል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የጌታ ጥምቀት፣ የይሁዳ 30 ብር። ርዕሱን ከቤተ ክርስቲያን ተቀበለች፤ አንዱን ከአንዱ ጎን ያስቀመጠችው ግን እሷ ናት። ችግር ሲጠናባት በ5 ዶላር ሸጠችው፤ ከሸጠችውም በኋላ ልታየው ትሄድ ነበር። ዛሬ ቦስተን ባለው በሁለተኛው ኩዊልቷ ደግሞ ከኢዮብና ከዮናስ ጋር በኅዳር 1833 እንደ ዝናብ የወረዱትን ተወርዋሪ ኮከቦች ሰፍታለች። ያኔ ገና አልተወለደችም፤ ከሰው የሰማችውን ነው። የሰማችውንም ከነቢያቱ ታሪክ ጋር በእኩል ክብር አስቀምጣዋለች።

ሰሞኑን ለደብራችን የሴቶች ማኅበር አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በየበዓሉ አንድ ቃል ይሰጠንና እያንዳንዳችን ክንድ በክንድ የሆነ ጨርቅ እንስፋ፤ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጎን ለጎን እንስቀለው። አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ሥዕል አላውቅም» አሉኝ። ጥልፍ ግን ያውቃሉ፤ ጥጥ ፈትለው ልጆች ያሳደጉ ናቸው። የመጀመሪያውን ቃል እሳቸው እንዲሰጡን ለምኛቸዋለሁ።