ባለጠግነትና ዝና የልቡና ሚዛን ይሆናሉን?

አንድ ታላቅ ባለጠጋ በአታላይ እጅ ወድቆ ገንዘቡን ተበላ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ በከተማ ሰው ዘንድ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንደኛው ወገን «ይህን ያህል ሀብት የሰበሰበ ሰው እንዴት ይታለላል? ነገሩ ሌላ ምሥጢር ቢኖረው ነው እንጂ» ብሎ ይጠራጠራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ለካ ሞኝ ኖሯል! ብልህ ያስመሰለው ገንዘቡ ነው» ብሎ ይስቃል። እነዚህ ሁለቱ ፍርዶች እርስ በርሳቸው የተጣሉ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። እናታቸውም ሀብትና ዝና የአእምሮ መለኪያ ናቸው የምትለው አሳብ ናት። ይህች አሳብ እውነተኛ ብትሆን ኖሮ፣ ሰሎሞን በገባዖን ጥበብን ብቻ በለመነ ጊዜ፣ ያልለመነው ሀብትና ክብር ተጨምሮ ባልተሰጠው ነበር፤ ጥበብ ካለች ሀብት በውስጧ አለ በተባለ ነበርና። ሁለቱ ለየብቻቸው መሰጠታቸው፣ አንዱ ያለ ሌላው ሊገኝ እንዲችል ያስረዳል።

ሀብት በብዙ በር ይገባል። አንዱ ከአባቱ ይወርሳል፤ ሁለተኛው መሬቱ በመንገድ ዳር ስለ ተገኘ ብቻ ይከብራል፤ ሦስተኛው በድካሙና በቁጠባው ያገኛል፤ ሌላው ደግሞ አንድ ሥራ ጠንቅቆ በማወቁ ያገኛል። በእውቀት የተገኘው ይህ የመጨረሻው ነው ቢባል እንኳ፣ ያች እውቀት ለተማረችበት ሥራ እንጂ ለሌላው አትበቃም። በጥጥ ንግድ የከበረ ሰው የጥጡን ዓይነት በጨለማ በጣቱ ዳስሶ ይለያል፤ የሰውን ልብ ግን በቀን ብርሃን አይቶ ላይለይ ይችላል።

ለዚህ ነገር በእንግሊዝ አገር የነበረው አይዛክ ኒውተን ምስክር ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ይነገራል)። ኒውተን የሰማይን አካላት አካሄድ በሒሳብ የደረሰበት ሊቅ ብቻ አልነበረም፤ ከ1696 ጀምሮ በለንደን በመንግሥት ገንዘብ መቅረጫ ቤት ተሹሞ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩትን እየተከታተለ ለፍርድ ያቀርብ ነበር። እንግዲህ የአታላዮችን ጠባይ የማያውቅ ሰው ነበረ ሊባል አይቻልም። በ1720 የደቡብ ባሕር ኩባንያ የሚባለው ማኅበር ገነነ፤ ንግዱ ጥቂት ሲሆን ወሬው ብዙ ነበርና፣ በዓመቱ መጀመሪያ 130 ፓውንድ ያህል ያወጣ የነበረው አንዱ አክሲዮን በዓመቱ እኩሌታ ወደ 1,000 ፓውንድ ደረሰ። ኒውተን አስቀድሞ አክሲዮኑን ሸጦ በመልካም ትርፍ ወጥቶ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን ሌሎች ሲከብሩ ባየ ጊዜ፣ ዋጋው ከፍ ባለበት ሰዓት ተመልሶ ገባ። ዓመቱ ሳይፈጸም ዋጋው ከ200 ፓውንድ በታች ወረደ፤ የኒውተንም ኪሣራ 20,000 ፓውንድ እንደ ነበረ ከቤተ ዘመዱ ተነግሯል። በመጀመሪያው ጊዜ የፈረደው የሒሳብ ሊቁ ኒውተን ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ የፈረደው ግን የጎረቤቱን ትርፍ ያየ ማንም ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ከኒውተን ይልቅ ነገሩን አብራርቶ የሚያሳየው የአሜሪካው ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት ታሪክ ነው። ግራንት በ1860 በእርሻም በንግድም ሳይሳካለት ቀርቶ፣ በአባቱ የቆዳ መደብር ውስጥ ከታናናሽ ወንድሞቹ ጋራ የሚሠራ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነበረ። በ1865 ጠላቱ ጄኔራል ሊ እጁን ሲሰጠው በዓለም ሁሉ የታወቀ የጦር አለቃ ሆነ፤ ከ1869 እስከ 1877 ድረስም የአገሩ ፕሬዚዳንት ነበረ። በ1884 ደግሞ አንድ ወጣት አታሎት ባዶ እጁን ቀረ። ሀብትና ዝና የልቡና ሚዛን ቢሆኑ፣ ይህ ሰው በ1860 ደንቆሮ፣ በ1865 ጠቢብ፣ በ1884 እንደ ገና ደንቆሮ ነበረ ሊባል ነው። አእምሮው ግን ያው አንድ አእምሮ ነበረ።

ያታለለው ሰው ፈርዲናንድ ዋርድ ይባላል። ዋርድ ቀድሞ በህንድ አገር ወንጌል ያስተማረ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ልጅ ነበረ፤ አነጋገሩ ለስላሳ፣ አለባበሱ የታረመ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ ወደደው፤ በኒው ዮርክም የገንዘብ ናፖሊዮን እያሉ ይጠሩት ነበር። ከግራንት ልጅ ጋራ በንግድ ተሸረከ፤ ኋላም ግራንት ራሱ 100,000 ዶላር አግብቶ ሸሪክ ሆነ። የባንክ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄምስ ፊሽም አራተኛ ሸሪክ ነበረ። የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ የሚይዘው ግን ዋርድ ብቻ ነበረ። እርሱም አንዱን መያዣ ለሁለትና ለሦስት አበዳሪ እያስያዘ ይበደር፣ ከኋለኛው በተበደረው ገንዘብም ለፊተኛው ትርፍ እያለ ይከፍል ነበር። አበዳሪዎቹ ይህን የሚያህል ትርፍ ከወዴት እንደሚገኝ በጠየቁ ጊዜ፣ ከመንግሥት ጋራ የምሥጢር ውል አለን እያለ ያንሾካሹክ ነበር። ግራንት ግን ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ከመንግሥት ጋራ ሊነግድ አይገባውም ብሎ እንዲህ ያለውን ውል ከልክሎ ነበር። ዋርድ ያቀረበለትን ደብዳቤ ሳያነብ መፈረሙ ግን ክልከላውን ከንቱ አደረገው።

ማን ማንን አሳመነ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያስገርም ነው። አበዳሪዎቹ ግራንት በዚያ ስላለ አመኑ፤ ግራንት ደግሞ የባንክ አለቃና ብዙ ባለጠጎች ገንዘባቸውን እያመጡ ስላየ አመነ። እያንዳንዱ ባልንጀራው መዝገቡን ያየው መሰለው፤ መዝገቡን ግን ከዋርድ በቀር ማንም አላየውም። ብዙ ዕውራን አንዱ የሌላውን ልብስ ይዘው በክብ ቢሄዱ፣ እያንዳንዳቸው የፊተኛው ዓይን አለው ብለው እንደሚጽናኑ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የታዋቂ ሰው ብዛት የእውነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ መቶ ታላላቅ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያይተው ቢያምኑ፣ የመረመረ አንድ ሰው እንኳ በመካከላቸው የለምና።

በመጽሐፈ ኢያሱ የተጻፈው የገባዖን ሰዎች ነገርም ከዚህ ጋራ ይስማማል። ኢያሱ ኢያሪኮንና ጋይን አሸንፎ ስሙ በገነነበት ወራት፣ ቅርብ ጎረቤቶቹ የሆኑት የገባዖን ሰዎች ያረጀ ጫማ ተጫምተው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው፣ ከሩቅ አገር ዝናህን ሰምተን መጣን አሉት። የእስራኤል አለቆች ሳይመረምሩ አመኑ ብሎ የሚፈርድባቸው ሰው ታሪኩን በደንብ አላነበበም። እንጀራውን አይተዋል፤ ስንቁንም ቀምሰዋል። የመረመሩት ግን አታላዩ እንዲመረምሩት ያዘጋጀውን ነው፤ እግዚአብሔርን አልጠየቁም። ንግግሩም በዝና የተቀመመ ነበረ። ድኻውን የሚያታልል ሰው ችግሩን ያወራለታል፤ ታላቁን የሚያታልል ግን ታላቅነቱን ይነግረዋል፤ ታላቁም ሰው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲሰማው ስለ ኖረ ቃሉ አዲስ አይሆንበትምና አይጠራጠርም።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨመራል። ድኻ ሰው አንዲት ላም ሊገዛ በወጣ ጊዜ ሚስቱ ትጠይቀዋለች፣ ጎረቤቱ ይነቅፈዋል፣ ንስሐ አባቱም ይመክረዋል። ባለጠጋው ግን ብዙ ሰው ቢከበውም «ይህን ነገር አየኸውን?» የሚለው አያገኝም። አሽከሩ ይፈራዋል፤ ወዳጁ ያፍረዋል፤ ባለሙያው ደመወዙን ያስባል። ባለጠግነት ልቡናን አያደነዝዝ ይሆናል፤ የሚጠይቀውን ሰው ግን ከበር ይመልሳል።

ይህ ነገር በቅርቡ ዘመን እንደ ገና ታይቷል። በርናርድ ማዶፍ የሚባል በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የናስዳክ ሊቀ መንበር የነበረ ሰው፣ ደንበኞቹን ለብዙ ዘመን በሐሰተኛ የሒሳብ ወረቀት ሲያታልል ኖሮ በታኅሣሥ 2008 ተያዘ፤ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ የተገኘው ገንዘብ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2009 የ150 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ2021ም በወኅኒ ሞተ። ካታለላቸው ሰዎች አንዱ በ1986 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበለው ደራሲ ኤሊ ዊዘል ነው፤ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ማኅበር 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠፋበት። የሰው ልጅን ክፋት በናዚዎች የሞት ሠፈር በዓይኑ ያየ ሰው ነበረ፤ ክፋት ግን በዚህ ጊዜ በሌላ ልብስ መጣበት። ሐሰቱን አስቀድሞ ያወቀው በቦስተን የነበረ ሃሪ ማርኮፖሎስ የሚባል ሒሳብ መርማሪ ነው። እንዲህ ያለ ትርፍ ሊገኝ እንደማይችል በቁጥር አረጋግጦ፣ ከ2000 ጀምሮ ደጋግሞ ለመንግሥት ተቈጣጣሪዎች ጻፈ፤ እነርሱ ግን የማዶፍን ስም አይተው ነገሩን አቃለሉት። ከተማይቱን በጥበቡ ያዳነ፣ ማንም ግን ያላሰበው ድኻ ሰው ነገር በመጽሐፈ መክብብ ተጽፎ ይገኛል፤ የማርኮፖሎስ ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ ከተማይቱ አልዳነችምና።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ብልህነት ነው። ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ግን አለ፤ የተታለለ ሰው በደል አለበትን? ገንዘቡ የራሱ ብቻ ቢሆን የደረሰበት ጉዳት ይበቃዋል ማለት ይቻላል። ግራንት ግን ስሙን አበድሮ ነበር። በጦርነት ከእርሱ ጋራ የነበሩ አሮጌ ወታደሮች ጥሪታቸውን ወደ ማኅበሩ ያመጡት ዋርድን ዐውቀው አይደለም፤ የአለቃቸውን ስም በበሩ ላይ ስላዩ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለእነርሱ ነው። በኢትዮጵያ ሥርዓት ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው በጠፋ ጊዜ ከፍሎ ይወጣል፤ ስለዚህም አስቦ ዋስ ይሆናል። ባለ ዝና ግን ዋስ ነኝ ሳይል ዋስ ይሆናል። ድኻው በእርሱ ስም ያምናል፤ እርሱ ግን ማን እንዳመነበት እንኳ አያውቅም። ይህ ለጄኔራሎች ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በደጀ ሰላም ቆሞ ስለ አንድ ነጋዴ ደግነት የሚመሰክር ካህንም ራሱን ሊመረምርበት ይገባል።

ግራንት ራሱ ይህን ጥያቄ በቃል አልመለሰውም። ግንቦት 4 ቀን 1884፣ እሑድ፣ ዋርድ ወደ ቤቱ መጥቶ፣ ባንኩ ለአንድ ቀን ብቻ 150,000 ዶላር ካላገኘ ሁሉም ይጠፋል አለው። ግራንት በበረዶ ላይ ወድቆ ገና ያነክስ ነበር፤ እንዲሁ ሆኖ ወደ ዊልያም ቫንደርቢልት ዘንድ ሄደ። በዘመኑ ከባለጠጎች ሁሉ የበለጠው ቫንደርቢልትም ለባንኩ ሳይሆን ለግራንት ለራሱ እንደሚያበድር ገልጾ ቼኩን ሰጠው። ማክሰኞ ግራንት ወደ ቢሮው በገባ ጊዜ ባንኩ ተዘግቶ፣ ዋርድ ተሰውሮ ቆየው። የማኅበሩ ዕዳ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ የተገኘው ንብረት 70,000 ዶላር እንኳ አልሞላም። በግራንት ኪስ የቀረው 80 ዶላር ያህል ነበረ።

ዋርድና ፊሽ ተፈርዶባቸው ወኅኒ ገቡ። በግራንት ላይ የፈረደ ዳኛ አልነበረም፤ ቫንደርቢልትም ዕዳውን ሊተውለት ፈለገ። እርሱ ግን እንቢ ብሎ ቤቱን፣ ሰይፎቹን፣ ሜዳዮቹን፣ ነገሥታት የሰጡትን ገጸ በረከት ሁሉ ስለ ዕዳው አስረከበ። የገባዖን ሰዎች ተንኰል በተገለጠ ጊዜ የእስራኤል አለቆች ተታልለን ማልን ብለው መሐላቸውን እንዳላፈረሱ፣ እርሱም ተታልዬ ተበደርሁ ብሎ ዕዳውን አልካደም። በዚያው ዓመት ጉሮሮውን ታመመ፤ ነቀርሳ ሆነበት። ለቤተ ሰቡ የሚተዳደሩበትን ለማትረፍ የዘመኑን ታሪክ መጻፍ ጀመረ፤ በሐምሌ 1885 ጽፎ በጨረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። ባለቤቱ ከመጽሐፉ ሽያጭ ወደ 450,000 ዶላር ያህል አገኘች። ሰይፎቹን ቫንደርቢልት ለመንግሥት አስረከባቸው፤ በዋሽንግተንም ተቀመጡ። በመጽሐፉ መቅድም ላይ ግራንት የሸሪኩን ክፋት በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አንሥቶ አለፈው፤ ስሙን አልጻፈም።